ሩቅ ያለውም አባል ነው

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ምሳሌ በጉልበት ለሚሠራ ሥራ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለምክርም ይሠራል። ሰው ብቻውን ካሰበው ይልቅ ከባልንጀሮቹ ጋር የመከረበት ነገር እንደሚጸና አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር የሚሰየመው ሸንጎ፣ በየወሩ የሚሰበሰበው እድር፣ ጠብ ሲነሣ የሚጠራው የሽማግሌዎች ጉባኤ ይህንኑ ይመሰክራሉ። በነዚህም ስብሰባዎች ዘንድ ሳይጻፍ የኖረ አንድ ሕግ አለ። ይኸውም ለምክር የተጠራ ሰው ይሰማል፤ ከሰማ በኋላ ይናገራል፤ ከተናገረም በኋላ በውሳኔው ላይ ድርሻ አለው የሚል ነው። በዘመናችንም ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የሒሳብ ዐዋቂውና ጠበቃው በየሙያቸው ማኅበር አቋቁመው በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩት፣ ይህንኑ የቆየ ልማድ በአዲስ መልክ ለመፈጸም ነው።

አሁን ደግሞ ለጉባኤ አዲስ ዐይነት አዳራሽ መጥቶለታል። ይህም እኩሉ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ እኩሉ ደግሞ ባለበት አገር ሆኖ በኢንተርኔት አማካይነት የሚካፈልበት ስብሰባ ነው። ፈረንጆቹ ሃይብሪድ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ጥምር ጉባኤ ብንለው የሚስማማው ይመስለኛል። በዛሬው ጽሑፌ ላነሣ የፈለግሁት፣ ይህ ጥምር ጉባኤ እንዴት ቢታሰብና እንዴት ቢሰናዳ በእውነት የማኅበር ጉባኤ ለመባል ይበቃል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ታላላቅ ስብሰባዎች እንዲቀሩ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ጉባኤ መጥራት ግድ የሆነባቸው ማኅበሮች ሁሉ ወደ ዙምና ወደ መሰሎቹ ዞሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የበሽታው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን አስታወቀ። አዳራሾቹ ግን ከዚያ አስቀድሞ ተከፍተው ነበር። ዳሩ ግን በዚያ በጭንቅ ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተምሮ ነበር፤ ይኸውም ከጋምቤላ ወይም ከጅጅጋ ሳይነሡ በአዲስ አበባ ጉባኤ ላይ መገኘት የሚቻል መሆኑን ነው። ይህን ያየ አባል «እንግዲህ መምጣት ካልቻልህ ቅር» ቢባል እሺ አይልም፤ እሺ ማለትም አይገባውም።

ከሩቅ ሆኖ መመካከር ራሱ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ በዚያ ዘመን በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ የነበረውን ወሬ በአንድ አፍታ ያደርስ ነበር። በቅርቡም፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግድም የተጀመረው ወረዳኔት የወረዳና የክልል መሥሪያ ቤቶች ከበላይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲነጋገሩ አስችሏል። ስለዚህ የቸገረን የመሣሪያው አዲስነት አይደለም። የቸገረን፣ መሣሪያውን ይዘን ጉባኤውን እንደ ቀድሞው ለአዳራሹ ብቻ ማሰናዳታችን ነው።

ማኅበሩን በስም ሳልጠቅስ አንድ ያየሁትን ላውሳ። በአንድ የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ተጋብዤ በአዳራሹ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ያማረ፣ አበባውም የተትረፈረፈ ነበር። ከመድረኩ በስተ ቀኝ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ከሩቅ የሚካፈሉት አባላት ስምና ፊት በትናንሽ አራት ማዕዘን ተደርድሮ ይታይ ነበር። ሊቀ መንበሩ በመክፈቻ ንግግራቸው ከያሉበት ሆነው ለሚከታተሉት ሰላምታ ባቀረቡ ጊዜ ጉባኤተኛው አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ግን ያስታወሳቸው አልነበረም። የማኅበሩ ሥልጠና በሚመጣው ዓመት በአዲስ አበባ ብቻ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ለውይይት በቀረበ ጊዜ፣ ከስክሪኑ ላይ አንድ ቢጫ የእጅ ምልክት ብቅ አለ። ምልክቱ እንደ ተነሣ ቆየ፤ በአዳራሹ ሰባት ሰዎች ተራ በተራ ተናገሩ። በመጨረሻም «ሰዓት ስለ ገፋ ኦንላይን ያላችሁ ሐሳባችሁን በጽሑፍ ላኩልን» ተባለ። በአዳራሹ ያለው ሰው እጁን አወጣ፤ ተቆጠረም። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ጻፈ። ያ የእጅ ምልክት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል የሚሠሩ የአንዲት ነርስ መሆኑን ከስማቸው አጠገብ ካለው ጽሑፍ አነበብሁ። ሊናገሩት የነበረውን ነገር ግን በዚያ ቀን የሰማ አልነበረም።

እንግዲህ እነዚህ ሴት በጉባኤው ተገኝተዋል ልንል እንችላለን ወይ? የእርሳቸው ነገር ለሰርግ ተጠርቶ፣ ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ዘፈኑን ብቻ ሲሰማ ውሎ እንደሚመለስ እንግዳ ነው። ከቶውንም ባልተጠራ ይሻለው ነበር፤ ያልተጠራ ሰው ቢያንስ ቀኑን ለሥራው ያውለው ነበርና።

ይህን ትንሽ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጋምቤላም እንደዚሁ። ከጅጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሁለት ቀን ጉባኤ የሚመጣ ሰው ለመንገዱ ሌላ ሁለትና ሦስት ቀን ይጨምራል፤ የትራንስፖርቱ፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ አለ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ አንድ ብቻ በሆነ ጊዜ ደግሞ ተተኪ የሚሆን ሰው አይገኝም። የሚያጠባ ልጅ ያላት እናት፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ባለሙያም የየራሳቸው ችግር አለባቸው። በሌላ በኩል የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መከታተሉን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። መንገዱ የጠፋበትን ሰው ለምን አልደረስህም ብሎ መጠየቅ ፍርድ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ በየዓመቱ በአዳራሽ የሚገኙት የአንድ ከተማ ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ሥራ አስፈጻሚውንም የሚመርጡት፣ መዋጮውንም የሚወስኑት፣ የሥልጠናውንም ስፍራ የሚቈርጡት እነርሱ ብቻ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ በማኅተሙ ላይ «የኢትዮጵያ» የሚል ቃል ቢኖረውም በግብሩ የአዲስ አበባ ማኅበር ይሆናል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ሩቅ ያለው ሰው አባል እንጂ ተመልካች አይደለም። ጥምር ጉባኤ የሚያሰናዳ ኮሚቴ ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ በዚያ በሩቅ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሰብ አለበት። ያ ሰው ሦስት ነገር ይገባዋል፤ እነርሱም ጆሮ፣ አንደበትና እጅ ናቸው። የሚባለውን ይሰማ ዘንድ፣ ያሰበውን ይናገር ዘንድ፣ የመረጠውንም ይወስን ዘንድ ማለቴ ነው።

ከጆሮ እንጀምር። በብዙ ጉባኤዎች ገንዘቡ የሚወጣው ለምስል ነው፤ ትልቅ ስክሪን፣ ብዙ ካሜራ፣ ባለ ቀለም መብራት ይመጣል። ምስል ቢቋረጥ ግን ጉባኤው ይቀጥላል፤ ድምፅ ከተቋረጠ ጉባኤው ለሩቁ ሰው በዚያው ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የወጪው ቅደም ተከተል ድምፅ፣ መስመር፣ መብራት ኀይል፣ ከዚያም በኋላ ምስል መሆን ይገባዋል። ማይክሮፎን በመድረኩ ላይ ብቻ መኖሩም አይበቃም፤ በአዳራሹ መካከል ለሚናገሩት የሚዞር ማይክሮፎን ያስፈልጋል። በየስብሰባው ብድግ ብለው «እኔ ያለ ማይክ ይሰማልኛል» የሚሉ ባለ ትልቅ ድምፅ ሰዎች አሉ። በእርግጥ ለአዳራሹ ይሰማላቸዋል፤ በአርባ ምንጭና በሰመራ ለተቀመጠው ግን አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። በአስተርጓሚ በሚመራ ጉባኤ የቆየ ልማድ አለ፤ በማይክሮፎን ያልተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቈጠራል፤ አስተርጓሚው አይሰማውምና። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀውና በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በተፈረመበት የአፍሪካ አዳራሽ ያላት አዲስ አበባ፣ ይህን ሥርዓት ከሌላ አገር መማር የሚያሻት አይመስለኝም።

ሌላው የድምፅ ጠላት ገደል ማሚቶ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች በየላፕቶፓቸው ወደዚያው ስብሰባ ገብተው ድምፁን የከፈቱ እንደ ሆነ፣ አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ያፏጫል። እንዲሁም ሩቁ ሰው የተናገረው ቃል በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ በማይክሮፎኑ ተመልሶ ወደ እርሱ እንዳይሄድ፣ ድምፁን የሚቈጣጠረው ባለሙያ አስቀድሞ መለየት አለበት። ይህ ለዐዋቂው ቀላል ሥራ ነው፤ ነገር ግን በጉባኤው ጠዋት ሰው እየገባ የሚሠራ አይደለም። የመስመሩም ነገር እንዲሁ ነው። የሆቴሉ ዋይፋይ ሁለት መቶ እንግዳ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲከፍት ይደክማል፤ ስለዚህ ለጉባኤው ብቻ የተለየ የኬብል መስመር ማስፈለጉ አያጠያይቅም። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ በአገራችን ሥራ ስለ ጀመረ፣ ሁለቱም ባሉበት ከተማ አንደኛው ሲደክም በሁለተኛው ለመቀጠል ይቻላል። ጄኔሬተሩም «አለ» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ መብራት ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ መሣሪያዎቹን ይዞ የሚያቆይ ባትሪ ያስፈልጋል።

በሩቅ ላለውም የኪሱን ነገር ማሰብ ተገቢ ነው። በድምፅ ብቻ የሚካፈል ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያህል ቢበቃው፣ በምስል የሚካፈለው ግን ከ500 ሜጋባይት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ለስምንት ሰዓት ስብሰባ ይህን ማባዛት ለአንባቢ ልተወው። ስለዚህ ጽሑፎቹና ስላይዶቹ ከሳምንት በፊት በቴሌግራም ቢላኩ፣ ሰውየው ወረቀቱን ከፊቱ አድርጎ በጆሮው ብቻ ሊከታተል ይችላል። መስመር በሚደክምበት አካባቢም ብዙ ጊዜ ምስሉ ሲሞት ድምፁ በሕይወት ይቈያል።

ሁለተኛው አንደበት ነው፤ ብዙ ጉባኤ የሚሰናከለውም በዚህ ላይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሥር ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር አንዱ ተናግሮ በጨረሰና ሌላው በቀጠለ መካከል ያለው ፋታ በአማካይ የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ያንን ፋታ ለመያዝ በአዳራሹ ያለ ሰው ጉሮሮውን ጠረግ ማድረግ፣ ወይም ከወንበሩ ቀና ማለት ይበቃዋል። ሩቁ ሰው ግን ድምፁ መንገድ አለበት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር የድምፅ መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ በደካማ መስመር ላይ ግን ይህ ወሰን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። በዚህ ላይ የተዘጋውን ማይክ እስኪከፍት ያለው ጊዜ ሲጨመር ተራው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የሆነበት ሰው ሦስተኛውን አይሞክርም። ታዲያ ዝም ያለው ሐሳብ ስላልነበረው አይደለም፤ ዝም ያሰኘው የጉባኤው አሠራር ነው።

መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። አንደኛ፣ ከሊቀ መንበሩ አጠገብ አንድ የተከበረ አባል ይቀመጥ፤ ሥራውም የሩቅ አባላት አፈ ጉባኤ መሆን ብቻ ይሁን። ይህ ሰው ቴክኒክ የሚሠራው ወጣት መሆን የለበትም፤ ወጣቱ ገመድና ድምፅ ሲቈጣጠር የሚነሣውን እጅ ሊያይ አይችልም፤ ቢያይም ሊቀ መንበሩን «ክቡርነትዎ፣ ይቆዩ» ለማለት አይደፍርም። ስለዚህ ሊቀ መንበሩን ለማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የንግግር ተራ በሥርዓት ይሁን፤ አንድ ከአዳራሽ፣ አንድ ከሩቅ። የመጀመሪያውም ተራ ለሩቁ ይሰጥ፤ ቀድሞ የሰማነውን ሰው ኋላ ልንረሳው አንችልምና። ሦስተኛ፣ ከሩቅ ሆኖ ጥናት የሚያቀርብ ሰው ንግግሩን አስቀድሞ ቀርጾ ይላክ፤ መስመር ቢቋረጥ የተቀረጸው ይሰማ፤ እርሱም ለጥያቄው በተራ ስልክ ቢሆን ይመልስ። አራተኛ፣ ከጉባኤው በፊት ልምምድ ይደረግ። ልምምዱም በአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳይሆን፣ በእውነት በሩቅ አገር ካለ አባል ጋር፣ በዚያው በሚጠቀምበት ስልክ ይሁን።

ሦስተኛው እጅ ነው፤ ይኸውም ድምፅ መስጠት። በዚህ ነገር ላይ ችላ ማለት ማኅበሩን እስከ ክስ ሊያደርሰው ይችላል። አሜሪካዊው ሄንሪ ሮበርት በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ዛሬ በብዙ ማኅበሮች ዘንድ እንደ ሕግ ይጠቀሳል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው 12ኛው እትም ስለ ኤሌክትሮኒክ ስብሰባ ሁለት ነገር ያስገነዝባል። አንደኛው፣ እንዲህ ያለው ስብሰባ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሊፈቀድ የሚገባው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ለመሰማማት ካልቻሉ ምክክር አለ ለማለት የማይቻል መሆኑን ነው። ጽሑፍ መላላክ ብቻ ጉባኤ አይደለም።

በእኛም አገር የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን ጉዳይ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የማኅበሮችም ጠቅላላ ጉባኤ አካሄድ በየመተዳደሪያ ደንባቸው ይወሰናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም፣ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመደረጉ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። መንገዱ ተዘጋ የሚያሰኝ ነገር የለም ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የማኅበሩን የራሱን ደንብ አይተካም። ብዙ ደንቦች የተጻፉት በዘመነ አዳራሽ ነው፤ «የተገኙት አባላት» የሚለው ቃል ከሩቅ የተገኘውን ይጨምር ወይም አይጨምር አይናገሩም። ስለዚህ ደንቡ አራት ነገር በግልጽ እንዲናገር ያስፈልጋል። ከሩቅ የገባ አባል ለምልዓተ ጉባኤው ይቈጠራል ወይ? ማንነቱ በምን ይታወቃል? በምስጢር የሚሰጥ ድምፅ በምን መንገድ ይሰጣል? በድምፅ አሰጣጥ መካከል መስመር ቢቋረጥ ምን ይደረጋል?

በኔ አስተያየት የሚከተለው ይበቃል። የድምፅ ሰጪዎች መዝገብ ከጉባኤው ከጥቂት ቀን በፊት ይዘጋ፤ ለያንዳንዱም አባል አንድ የግል ቍጥር ይሰጠው። በአዳራሹ ያለውም፣ ሩቅ ያለውም በአንድ መንገድ፣ በስልኩ ድምፅ ይስጥ፤ እዚህ በእጅ፣ እዚያ በስልክ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ሚዛን ይሆናልና። ስልክ የሌለውን ወይም ያስቸገረውን ሰው በግልጽ የሚረዳ አንድ ሰው ይመደብ። ከቈጣሪዎቹ አንዱ ከሩቅ አባላት መካከል ይመረጥ። መስመር የተቋረጠ እንደ ሆነ ደግሞ በደንቡ ለተወሰነ ደቂቃ ድምፅ አሰጣጡ ይቁም፤ ካልተመለሰ ወደ ሌላ አጀንዳ ይታለፍ፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰዎች የሚያነሡትን ተቃውሞ ልመልከት። «የጉባኤ ጥቅሙ ሻይ ላይ ነው» ይላሉ። ይህ ቃል እውነት አለበት። አንድ ወጣት መሐንዲስ ከአንድ አንጋፋ መሐንዲስ ጋር የሚተዋወቀው፣ ሥራ የሚገኘው፣ የቆየ ቅሬታም የሚሽረው ስኒ ተይዞ በሚቆምበት በዚያ ሩብ ሰዓት ነው። በየቤቱ ብቻውን ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን ያጣል። እኔ ግን ለዚህ የሚሆን ከእኛ ኑሮ ጋር የሚስማማ መንገድ አለ እላለሁ። ጉባኤው አንድ ይሁን፤ አዳራሹ ግን ብዙ ይሁን። በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ አዳራሽና መስመርም አላቸው። በየአካባቢው ያሉት ሃያና ሠላሳ አባላት ወደ አንዱ ተሰብስበው በአንድ ትልቅ ስክሪን ቢካፈሉ፣ የየግል የኢንተርኔት ወጪው ይቀራል፤ መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተር ይኖራል፤ ሻዩንም እርስ በርሳቸው ይጠጣሉ። ከሁሉም ይልቅ፣ በስክሪን ላይ ያለ አንድ ነጠላ ፊት ሊረሳ ይችላል፤ ሠላሳ ሰው በአንድነት ተቀምጦ «የጅማ አባላት እጃችንን አንሥተናል» ሲል ግን ሊቀ መንበሩ አልሰማሁም ለማለት አይችልም።

«ከቤቱ የሚካፈለው ሌላ ሥራ እየሠራ ነው» የሚሉም አሉ። ይሆናል። ነገር ግን በአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፌስቡክ የሚያገላብጠውስ? አሰልቺ ጉባኤ በቅርብም በሩቅም አሰልቺ ነው። «እንዲህ ከሆነ ማንም ወደ አዳራሽ አይመጣም» ለሚሉትም፣ መምጣት የሚገባውን ያህል ጥቅም ያለው ጉባኤ ከሆነ የሚችል ሰው ይመጣል ብዬ እመልሳለሁ። የመምጣት ዐቅም የሌለውን ሰው በማስቀረት የሚሞላ አዳራሽ አይመካበትም።

የሰዓቱንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ በእኛ ዘንድ ይህ ከሌላው አገር ይልቅ ያሳስታል። እኛ ሰዓት የምንቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የኢንተርኔቱ ማስታወቂያ የሚቈጥረው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ነው። «በ3 ሰዓት እንጀምራለን» የሚል ጥሪ በስልክ መዝገብ ላይ «3፡00» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ሊገባ ነው። ስለዚህ ጥሪው በሁለቱም አቈጣጠር፣ ቀኑም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቈጣጠር ይጻፍ። በውጭ አገር ያሉትንም ባለሙያዎቻችንን እናስብ። በአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን፣ በእኛው አቈጣጠር እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን እዚያ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ በአሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለአገሩ ባልደረቦች ትምህርት እንዲሰጥ የምንፈልግ ከሆነ፣ ተራውን ከሰዓት በኋላ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ውይይትና ድምፅ መስጠትም ለሁሉ በሚመች ሰዓት ይደረግ፤ ሌላው ንግግር ተቀርጾ በኋላ ሊሰማ ይችላል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚውል ዐይን ግን የለም።

ስለ ገንዘቡም እውነቱን መነጋገር ያሻል። ጥምር ጉባኤ ርካሽ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በአንድ ቀን ሁለት ጉባኤ ማሰናዳት ነውና ወጪ አለው። ነገር ግን በየዓመቱ የምናወጣውን እንቍጠር። ጉባኤው ባለቀ ማግስት የሚጣለው ባነር፣ ቤት ውስጥ የተከማቸው የጉባኤ ቦርሳ፣ የማኅበሩ ስም የታተመበት ቲሸርት ገንዘብ ነው። የዚህ እኩሌታ ለድምፅና ለመስመር ቢውል ብዙ ይሠራል። ሩቅ ያለው አባልም ያልበላውን ምሳና ያልያዘውን ቦርሳ ዋጋ መክፈል አይገባውም፤ ሆኖም ለመሣሪያው ድርሻ የሚሆን መጠነኛ ክፍያ በቴሌብር ቢያዋጣ ተገቢ ነው። የከፈለ ሰው የመጠየቅ መብት እንዳለው ያውቃል፤ ማኅበሩም የተቀበለውን ገንዘብ ያህል ይጠነቀቅለታል።

ይህን ስል ስብሰባ ሁሉ ጥምር ይሁን ማለቴ አይደለም። የእጅ ጥበብ የሚማሩበት ሥልጠና፣ ለምሳሌ ቍስል መስፋት፣ እጅ በእጅ ሲያዩት ይሻላል። አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴም ሁሉም በስልክ ቢነጋገሩ ይበቃል። ማኅበሩ ጥምሩን በሥርዓት ለማሰናዳት ዐቅም ያጣ እንደ ሆነም፣ ወይ ሁሉም በአዳራሽ ይሁን፣ ወይም በአዲስ አበባ ያሉት ጭምር ሁሉም በየስልካቸው ይግቡ። በዚህ ጊዜ ቢያንስ ሁሉ እኩል ይቸገራል። እኩሉ በድንኳን ውስጥ፣ እኩሉ በደጅ የሆነበት ግን ከሁለቱም ይከፋል።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች የሆናችሁ ሁሉ፣ ለሚመጣው ጉባኤያችሁ አበባና አዳራሽ ከመምረጣችሁ በፊት፣ የመተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ «የተገኙት አባላት» የሚለውን ቃል እንድትመለከቱ እለምናለሁ። አባላት የሆናችሁም ማሻሻያውን ራሳችሁ ጽፋችሁ አቅርቡ፤ መሪዎቹ እስኪያስቡት አትጠብቁ። ሩቅ ያለው ባለሙያ ያንኑ ትምህርት ተምሯል፤ ያንኑም መዋጮ ይከፍላል፤ ከብዙዎቻችንም በበለጠ ችግር ውስጥ ሕዝብ ያገለግላል። የሚያውቀውን ከራሱ አፍ ካልሰማን፣ ስለ እርሱ የምንወስነው ሁሉ በግምት ይሆናል። አዳራሽ በሰው መሙላት ብቻ ጉባኤ አያሰኝም፤ የጉባኤ ክብሩ አባሉ ሁሉ ተሰምቶ ሲወሰን ነው።